እንግሊዝኛ ወደ ሂሳብ መዝገባችን በየት ገባ?

በየሦስት ወሩ የማኅበራችንን ሂሳብ ዘግተን ለለጋሾቻችን የምንልከው ሪፖርት በእንግሊዝኛ ነው። ቁጠባውን በየሳምንቱ የሚያመጡት እናቶች ግን የሚነጋገሩት በበርታ፣ በጉሙዝ፣ በሺናሻ ወይም በአማርኛ ነው። እንግሊዝ አሶሳን በቅኝ ግዛት ይዛ አታውቅም። ታዲያ ቋንቋዋ በየት በኩል ገባ?

እንግሊዝ ጎረቤታችን ነበረች፤ ሱዳንን እስከ 1948 ዓ.ም. ከግብፅ ጋር በጣምራ ገዝታለች። በግንቦት 1894 ዓ.ም. ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር የድንበር ውል ስትፈራረም ውሉ የተጻፈው በአማርኛና በእንግሊዝኛ ነው። መስመሩ ያለፈው ግን በበርታ ሕዝብ መካከል ነው፤ በርታዎች ዛሬም ከኩርሙክ ወዲህም ወዲያም አሉ። በእነሱ ቋንቋ የተጻፈ አንድም አንቀጽ አልነበረም።

ያም ሆኖ እንግሊዝኛ ወዲያው አልገባም። እዚህ አካባቢ ነጋዴውም ሼኩም የሚያውቀው ዓረብኛ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ በ1900 ዓ.ም. የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በዋናነት በፈረንሳይኛ ያስተምር ነበር። ነገሩ የተለወጠው ጣልያን ሲወጣ ነው። በመጋቢት 1933 ዓ.ም. አሶሳን ያስለቀቀው ከቤልጅግ ኮንጎ የመጣ ጦር ነው (ይህን ስንቶቻችን እናውቃለን?)፤ ዘመቻውን የምትመራው ግን እንግሊዝ ነበረች። በ1934 እና በ1937 ዓ.ም. ስምምነቶች ተፈረሙ፤ እንግሊዛውያን አማካሪዎችና መምህራን መጡ፤ ፈረንሳይኛም ቦታውን ለቀቀ።

ኬንያና ናይጄሪያ ላይ እንግሊዝኛን የተከለው ቅኝ ገዥው ነው። እኛ ጋ ገዥ ሳይኖር የራሳችን መንግሥት ትምህርት ቤት አስገባው፤ ስለዚህ የምንወቅሰው ባዕድ እንኳ የለንም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ለአንደኛ ደረጃ የአፍ መፍቻ ቋንቋን ፈቅዷል፤ ትልቅ ነገር ነው። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ግን ፊዚክሱም ታሪኩም እንግሊዝኛ ይሆናል። ሂሳብ አያያዝን ኮሌጅ የተማርነውም በዚሁ ቋንቋ ነው፤ ዴቢትና ክሬዲት የሚባሉትን ቃላት ለአባሎቻችን ለማስረዳት ዛሬም «የገባ»፣ «የወጣ» እያልን እንቸገራለን፤ ትርጉሙም ልክ አይመጣም።

እንግሊዝኛውን መተው አንችልም፤ ድጋፉ የሚመጣው በእሱ ነው። ነገር ግን ገንዘቧን ያስቀመጠች እናት የማታነበውን ወረቀት በጣት አሻራዋ ማጽደቋ ትክክል አይደለም። ከመጪው ሩብ ዓመት ጀምሮ ሪፖርቱ መጀመሪያ በአማርኛ ተጽፎ፣ በስብሰባ ላይ በበርታና በጉሙዝ እየተተረጎመ ይነበባል። ለጋሾቻችን ሁለቱን ቅጂዎች አብረው እንዲቀበሉን እንጠይቃለን፤ ፊርማውና አሻራው የሚያርፈው በአማርኛው ላይ ነው።