ፍቱን

በወንድ አያቴ የመድኃኒት መጽሐፍ ጠርዝ ላይ፣ ከአንዳንዱ አንቀጽ አጠገብ፣ በቀይ ቀለም የተጻፈች አንዲት ቃል ነበረች፦ «ፍቱን»። ልጅ ሳለሁ ቃሏ «ያድናል» ማለት ትመስለኝ ነበር። ዛሬም በቡና ላይ ጨዋታችን የምንጠቀምባት በዚሁ ትርጉም ነው፤ «እገሌ ለቁርጠት ፍቱን መድኃኒት አለው» እንላለን። የግዕዙን ሰዋስው ጥቂት ከቀመስሁ በኋላ ግን ቃሏ የ«ፈተና» እኅት መሆኗን ተረዳሁ። ከ«ቀደሰ» ቅዱስ፣ ከ«ባረከ» ቡሩክ እንደሚወጣ ሁሉ ከ«ፈተነ» ፍቱን ይወጣል፤ የተፈተነ፣ ተሞክሮ ያለፈ ማለት ነው። እንግዲህ አያቴ ያቺን ቃል በጻፉ ቁጥር «ሞክሬ አይቼዋለሁ» ብለው መመስከራቸው ነበር። ቃሏ ያልተጻፈችባቸው አንቀጾች ደግሞ ይበዙ ነበር።

እኔ ቀን ቀን ከባንክ ቤት መስኮት ኋላ ተቀምጬ ፊርማ ከፊርማ ሳመሳክር የምውል፣ ማታ ማታ ስንኝ የምቋጥር ሰው ነኝ። ስለ መድኃኒት የምናገረውም እንደ ባለሙያ ሳይሆን እንደ አንድ አንባቢ ነው። ይሁንና ያቺ ቀይ ቃል ከመጽሐፉ ጋር እንድትጠፋ አልፈልግም።

አገሬ ከጉና ተራራ ግርጌ ጀምሮ እስከ በሽሎና ዓባይ ሸለቆ የሚወርደው ምድር ነው፤ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ። ጉና ከ4000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ በውርጭ ሲመታ፣ የበሽሎ ቆላ በሐሩር ይቃጠላል። በጥቂት ቀን የእግር መንገድ ውስጥ ደጋውም ወይና ደጋውም ቆላውም የየራሱን ቅጠልና ሥር ይሰጣል። በዚህ ላይ አገሩ የትምህርት አገር ነው። የድጓው ቤተልሔም፣ የዝማሬና የመዋሥዕቱ ዙር አምባ ከዚህ ናቸው። ከሸዋም ከጎጃምም ከትግራይም ዜማ የተማረ ሁሉ፣ ሊቅ ለመባል ዕውቀቱን ይዞ መጥቶ የሚያስመሰክረው በእነዚህ ጉባኤያት ነበር። ተማሪው አኮፋዳውን አንግቶ ሲመጣና ሲመለስ ቀለም ብቻ አልያዘም፤ የየአገሩንም ዕፅ ስም ይዞ ይዞራል። ሰውን መፈተን ልማዱ የሆነ አገር ቅጠሉንም ቢፈትን ምን ይደንቃል?

ሴት አያቴ እንዳጫወቱኝ፣ መሪጌታ አዲስ ሥር ሲነገራቸው መጀመሪያ በጥፍራቸው ቆንጥረው ራሳቸው ይቀምሱት ነበር። አድረው ምንም ካልሆኑ ለታመመ ዘመድ ይሰጡታል። በሳምንቱም ቤቱ ድረስ ሄደው «እንዴት አደረገህ?» ብለው ይጠይቁታል። በሦስት ሰው ሳያዩ ቀዩን ቀለም አይነኩም። ጥሩ ሥርዓት ነበር። ነገር ግን ስንት ሰው ቀምሶ እንዳልተሻለው መጽሐፉ አይናገርም፤ የቀይ ቀለም ቃል ለተሳካው እንጂ ለከሸፈው አልነበረውም።

ከሁሉ ይልቅ ለፈተና የሚያስቸግረው የሥቃይ ማስታገሻ ነው። ቁስል ሲጠግግ ይታያል፤ ኮሶም ሲያሽር ትሉ ወጥቶ ይታያል። ሥቃይን ግን ባለቤቱ ካልተናገረ ማን ያየዋል? ቋንቋችን ይህን ችግር አስቀድሞ ያወቀ ይመስላል። ውጋት ይወጋል፤ ቁርጠት ይቆርጣል፤ ፍልጠት ይፈልጣል፤ ምች ይመታል። የማይታየውን ሥቃይ እንድናይ ጦርና ቢላዋ፣ ምሳርና ዱላ አስታጠቀልን። ለእያንዳንዱ መሣሪያም መከላከያ ቅጠል አበጀን። ለምች ዳማከሴ ታሽቶ ገላ ይቀባል፤ ጭማቂውም በቡና ይጠጣል። ለድንገተኛ የሆድ ቁርጠት በገበያ በትንንሽ እስር የሚሸጠው፣ ራሱም «ድንገተኛ» የሚባለው ሥር ይታኘካል። ለሆድ ሕመም ደግሞ መራራው የየምድር እምቧይ ሥር አለ።

ሌላውም ዓለም ሥቃይን የፈተነው እንዲሁ በራሱና በጎረቤቱ ገላ ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1763 ኤድዋርድ ስቶን የተባሉ እንግሊዛዊ ቄስ፣ በእኛም ወንዞች ዳር የምትበቅለው የአኻያ ዘመድ የሆነ ዛፍ ልጥ አድርቀውና ፈጭተው ወባ መሰል ትኩሳት ለያዛቸው ወደ ሃምሳ ለሚጠጉ ሰዎች እንደሰጡ ለለንደን የሳይንስ ማኅበር ጻፉ። ከዚያ ልጥ ወገን ከሆነ ቅመም የተሠራው አስፕሪን በ1899 ከጀርመን ለገበያ ወጣ። ሞርፊንን ከኦፒየም የለየው ጀርመናዊው መድኃኒት ቀማሚ ሰርቱርነር ደግሞ በ1817 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ራሱና ሦስት ወጣቶች መድኃኒቱን ደጋግመው እንደዋጡ፣ በኋላም ሊመረዙ ሲደርሱ ኮምጣጤ ጠጥተው እንዳስመለሱት ይተርካል። ከአያቴ ጥፍርና ከሰርቱርነር ማንኪያ መካከል ያለው ልዩነት ያን ያህል ሰፊ አይመስለኝም።

በሃያኛው መቶ ዓመት ግን የሥቃይ ፈተና ከሰው ወደ አይጥ ተሸጋገረ። ከአንዱ ጥናት ወደ ሌላው እየተሻገርሁ ያነበብሁት ሥርዓት በአጭሩ ይህን ይመስላል። ቅጠሉ ወይም ሥሩ በጥላ ይደርቃል፤ ይፈጫል፤ አብዛኛውን ጊዜ ውኃ በተቀላቀለበት ሜታኖል ሦስት ቀን ይዘፈዘፋል፤ ከዚያ ተጠልሎ አልኮሉ ይተንና ጭማቂው ብቻ ይቀራል። አይጦቹ ስድስት ስድስት እየሆኑ ይመደባሉ። አንዱ ምድብ መድኃኒት የሌለበት ፈሳሽ ብቻ ይሰጠዋል፤ ሌላው አስፕሪን ወይም ሞርፊን፤ የቀሩት ጭማቂውን በተለያየ መጠን፣ ለምሳሌ ለአንድ ኪሎ ክብደት 100፣ 200 እና 400 ሚሊግራም ሒሳብ ይወስዳሉ።

ከዚያ ፈተናው ይጀመራል። አንደኛው ዎልፍና ማክዶናልድ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1944 ያስተዋወቁት የጋለ ሳህን ነው። አይጧ ወደ 55 ዲግሪ በሞቀ ሳህን ላይ ትቆማለች፤ መዳፏን እስክትልስ ወይም እስክትዘል ያለው ጊዜ በሴኮንድ ይቆጠራል። እንዳትቃጠል ከጥቂት ሴኮንድ በኋላ ትነሣለች። መድኃኒቱ በአንጎልና በሠረሠር በኩል የሚሠራ ከሆነ፣ ልክ እንደ ሞርፊን፣ ትዕግሥቷን ያረዝመዋል። ሁለተኛው የቁርጠት ፈተና ነው፤ በሆዷ ውስጥ ቀጠን ያለ አሴቲክ አሲድ ይወጋና ስንት ጊዜ ሆዷን እንደምታኮማትር ይቆጠራል። ቁጥሩ ካነሰ መድኃኒቱ ሥቃዩን አስታግሦላታል ማለት ነው። ይህን ሳነብ አንድ ሌሊት ስንኝ መጻፍ አቃተኝ። ሴት አያቴ «እህህ» እያሉ ያደሩባቸው ሌሊቶች ሳይቆጠሩ ቀርተው፣ የአንዲት አይጥ ሥቃይ በሴኮንድ ተቆጥሮ መጽሔት ላይ ይሰፍራል። ግን ደግሞ ያቺ አይጥ የእኛን እህህታ ተሸክማልናለች።

ከዚህ ፈተና የአገራችን ሥሮች ባዶ እጃቸውን አልተመለሱም። ድንገተኛን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የኬሚስትሪ ሊቅ ፕሮፌሰር ኤርምያስ ዳኜ ከባልደረቦቻቸው ጋር ፈትነው፣ ስለ ትኩሳት አብራጅነቱና ስለ ሥቃይ አስታጋሽነቱ በ1990 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ የመጀመሪያ ደረጃ ጥናት አሳተሙ። የዳማከሴ ቅጠል ጭማቂ የአይጦችን ትኩሳት እንደሚያበርድ የአዲስ አበባ ተመራማሪዎች በ2003 እ.ኤ.አ. ጻፉ። የምድር እምቧይ ሥርም በ2019 እ.ኤ.አ. በታተመ የኢትዮጵያውያን ጥናት በአይጦች ላይ ተፈትኖ ሥቃይንና እብጠትን የመቀነስ ኃይል ታየበት። ይህን የመጨረሻውን ከባንክ ስወጣ በስልኬ ሳነብ፣ መሪጌታ ከመቃብር ተነሥተው ቀይ ቀለማቸውን የነከሩ መሰለኝ።

ደስታዬ ግን ሙሉ አልነበረም፤ የአክስቴ ነገር ትዝ አለኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አክስቴ ስማዳ ሳለች ሆዷን አመማት። እንደ ልማዷ የየምድር እምቧይ ሥር አኘከች፤ ቀለል አላት። ማታ መለሰባት፤ ደግማ አኘከች፤ አሁንም ቀለል አላት። በሦስተኛው ቀን በቃሬዛ ተሸክመው መኪና መንገድ አደረሷት። ሕመሟ ትርፍ አንጀት ነበር፤ ሐኪሞቹ ሆዷን ሲከፍቱት ፈንድቶ አገኙት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተረፈች። ሥሩ ዋሽቷታል ልል አልችልም፤ የተጠየቀውን አድርጓል፣ ሥቃዩን አስታግሧል። እኛ ነን ሥቃይን ከበሽታ ሳንለይ አንድ ስም የሰጠናቸው። «ፍቱን ነው» ሲባል፣ ለምን ነገር ፍቱን ነው? ስንት ቢወሰድ? ለማን? እስከ መቼ? ብለን አልጠየቅንም። ያቺ ሳህን ላይ የቆመች አይጥም የመለሰችው ከእነዚህ ጥያቄዎች አንዱን ብቻ ነው። የተረጋገጠ መጠን ከአይጥ ወደ ሰው በቀጥታ አይሸጋገርም፤ የአክስቴን ዓይነት ሰው በደኅና ለማከም በሰው ላይ በጥንቃቄና በፈቃድ የሚደረግ ሌላ ፈተና ይቀራል።

የሚቀረው ሌላም አለ፤ እርሱ የስም ነገር ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ በ18ኛው መቶ ዓመት ከጎንደር ሲመለስ በጠረፍ ላይ ተቅማጥ ይዞት፣ በአገሬው ሰው ምክር በዋጊኖስ ሥር ልጥ ተፈወሰ። ዛሬ ያ ተክል በዓለም የዕፅዋት መዝገብ በእርሱ ስም «ብሩሲያ» ተብሎ ይጠራል፤ ሥሩን ያሳየው ሰው ስም የለም። በ1930 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል የመድኃኒት መጽሐፍ በፓሪስ ሲያሳትም ርእሱ ላይ የሰፈረው «የአንድ ሐበሻ ደብተራ» የሚል ነው። ፖላንዳዊው ስቴፋን ስትሬልሲንም በ1968 የግዕዝና የአማርኛ የሕክምና ጽሑፎችን በዋርሶ አሳትሞ ከመጥፋት አዳነልን፤ ባለውለታችን ነው። ነገር ግን የመድኃኒት መጻሕፍቶቻችንን ለማንበብ ፓሪስና ዋርሶ ድረስ መሄዳችን ያስቆጫል።

ጥፋቱን ግን በውጭ ሰው ላይ ብቻ አልጭንም። አዋቂዎቻችን ራሳቸው ምሥጢሩን ለልጅ እንኳ አይነግሩም ነበር፤ መድኃኒት ከተነገረ ይረክሳል፣ ማንም ሳያይ ሳይናገሩ ማለዳ ካልተቆረጠ አይሠራም ይባል ነበር። ከምሥጢሩ ጀርባ እንጀራም ነበረ፤ ያዋቂው ጓዳ የሚሞላው በዚያ ነውና አልፈርድባቸውም። የአያቴንም መጽሐፍ የሸጠው ባዕድ አልነበረም፤ አጎቴ ነው። በአንድ ክፉ ዓመት የማዳበሪያ ዕዳ ለመክፈል ለመንገደኛ ሸጠው። ዛሬ በየትኛው አገር፣ በማን መደርደሪያ እንዳለ አናውቅም። ከመቶ በላይ አንቀጽ ከነበረው መጽሐፍ እኔ በቃሌ የያዝሁት ሁለት ብቻ ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ቀይ ቃል ነበረው ወይስ አልነበረውም፣ እርግጠኛ አይደለሁም።

በሥራዬ አንድ ዓይነት ሒሳብ አለ፤ ሁለት ሰዎች ካልፈረሙ ገንዘቡ አይወጣም። አንደኛው ብቻ ፈርሞ ቢመጣ፣ የቱንም ያህል የተከበረ ሰው ቢሆን፣ «ይቅርታ አባቴ፣ ሁለተኛው ፊርማ ይቀራል» ብዬ እመልሰዋለሁ። የአገራችንም ዕፅ እንዲሁ ያለ ሒሳብ ይመስለኛል። አንደኛው ፊርማ በጋይንትና በስማዳ፣ በእስቴ ጓሮ ውስጥ ሥሩን የሚያውቁት እናትና መሪጌታ ናቸው። ሁለተኛው ሰዓት ይዞ ከአይጧ ፊት የተቀመጠው ወጣት ተመራማሪ ነው። ዛሬ ደብረ ታቦርም ጎንደርም ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ከቤተልሔም እስከዚያ ሩቅ አይደለም። ተመራማሪው ሥሩን ሲወስድ የነጋሪውን ስም በፈቃዱ ይጻፍለት፤ ውጤቱንም በሚያነበው ቋንቋ ይዞለት ይመለስ። የከሸፈውንም ይንገረው፤ ለከሸፈው የሚሆን ጥቁር ቃል ከቀዩ ጎን ይጻፍ።

ውጋቱ ሲነሣ፣ ሌሊቱ ሲጨንቀኝ፣
ሥሩን ማን አሳየኝ? ስሙን ማን ነገረኝ?
አንዱ በምላሱ፣ አንዱ በሚዛኑ፣
መርምረው ካልጻፉት፣ የት አለ ፍቱኑ?