ፊደልን ማየት

ከጎፋ ማዞሪያ ወደ ጎፋ ገብርኤል የምትመላለሱ ወጣቶች፥ በየሱቁ ደጃፍ የተጻፈውን ታነባላችሁ፤ የፊደሉን መልክ ግን ልብ ብላችሁ አታዩትም። ቃል ድምፅ ብቻ ሳይሆን መልክም እንዳለው የተረዱ ሰዎች በብዙ አገር ተነሥተዋል። በ1952 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) በብራዚል አገር በሳኦ ፓውሎ ከተማ ሦስት ወጣት ገጣሚዎች ማኅበር አቆሙ፤ ግጥም በጆሮ እንደሚሰማ ሁሉ በዓይንም የሚታይ ይሁን ብለው፥ ፊደልን በገጽ ላይ እንደ ሥዕል ይደረድሩ ጀመር። በእኛም አገር ግጥምንና ሥዕልን በአንድ እጅ የያዘ ሰው ነበረ፤ እርሱም ገብረ ክርስቶስ ደስታ ነው።

ገብረ ክርስቶስ በ1932 በሐረር ተወለደ። አባቱ አለቃ ደስታ ነጎ የብራና መጻሕፍትን በሥዕል የሚያስጌጡ ካህን ስለ ነበሩ፥ ልጁ ፊደልና ቀለም በአንድ ገጽ ሲውሉ እያየ አደገ። ከ1957 እስከ 1961 በጀርመን አገር በኮሎኝ ከተማ ሥዕል ተምሮ ተመለሰ፤ በአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትም አስተማሪ ሆነ። ብዙው ሥዕሉ የታወቀ መልክ የሌለው፥ ቀለምና ቅርጽ ብቻ ስለ ነበረ፥ የባዕድ ነገር ነው የሚሉ ነቃፊዎች ተነሡበት። ግጥሙም ከተለመደው የስንኝ ልክ የወጣ ነበር። እርሱ ግን ሥራውን አልተወም፤ በ1965ም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ተቀበለ።

ነቃፊዎቹ አንድ ነገር ዘንግተው ነበር። ይህ ሰው አዲሱን የፈለገ አሮጌውን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ ከብራና አጠገብ ያደገ ነውና።

በደርግ ዘመን ከአገሩ ወጣ። «ሀገሬ» በሚለው ግጥሙ የምናውቀው ይህ ሰው፥ ሃምሳ ዓመት ሳይሞላው በ1981 በአሜሪካ በኦክላሆማ ሞተ። በስሙ የተሰየመው ሙዚየም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው በ2008 ነው፤ በጀርመን ተጠብቀው የቆዩ ሥዕሎቹም ወደዚያ ገቡ። ሥዕሎቹ አገራቸው ሲገቡ ሠሪው አልነበረም። እርሱ ያስተማረበትን ትምህርት ቤት በ1972 የጨረሰው ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ ደግሞ፥ የግዕዝን ፊደል ራሱን የሥዕሉ አካል አድርጎ በዓለም ታወቀ።

እንግዲህ ወጣቶች፥ ያልገባችሁን ሥራ ባያችሁ ጊዜ ለመንቀፍ አትቸኩሉ። አስቀድማችሁ ቆማችሁ ተመልከቱ፤ ሠሪው በሕይወት ሳለ የሚገባውን ምስጋና ያገኝ ዘንድ።