ከስድስት ሰው እስከ ኪጋሊ

ሚያዝያ 2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ በሺዎች የሚቆጠሩ የሰው ሰራሽ አስተውሎት (ኤአይ) ተመራማሪዎችን ልትቀበል ነበር። አይ.ሲ.ኤል.አር. የሚባለው፣ በዘርፉ ካሉት ትልልቅ ኮንፈረንሶች አንዱ፣ ከሚያዝያ 18 እስከ 22 እኛው ከተማ ሊካሄድ ቀን ተቆርጦለት ነበር። እኔ ያኔ የኢንጂነሪንግ ተማሪ ነኝ። የእነዚህን ሰዎች ጽሑፎች ዶርም ውስጥ፣ በሚቆራረጥ ዋይፋይ እያወረድኩ ነበር የማነበው። ሰዎቹ ራሳቸው በታክሲ ወደምደርስበት ቦታ ሊመጡ ነው ሲባል ማመን አቃተኝ። ከዚያ ኮሮና መጣ። ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ፣ እኛ ወደየቤታችን ሄድን፣ ኮንፈረንሱም ወደ ኦንላይን ዞረ።

ብዙዎቻችን ነገሩን «አመለጠን» ብለን ዘጋነው። እኔን ግን ቆይቶ ሌላ ጥያቄ ያዘኝ፦ መጀመሪያውኑስ እንዴት አዲስ አበባ ሊመጣ ቻለ? መልሱን ለማግኘት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ አለብን። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1987፣ ኦስቲን፣ ቴክሳስ። ስለ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚመከርበት ኮንፈረንስ ላይ አኒታ ቦርግ የምትባል የኮምፒውተር ሳይንቲስት እንደሷ ያሉ ጥቂት ሴቶችን አገኘች። የት መሰላችሁ? መጸዳጃ ቤት። አዳራሹን የሞላው ወንድ ነበር። ከዚያ ጨዋታ «ሲስተርስ» የተባለ የኢሜይል ቡድን ተወለደ። በ1994 ደግሞ አኒታ ከቴሌ ዊትኒ ጋር ሆና ዋሽንግተን ዲሲ ላይ ግሬስ ሆፐር ሴሌብሬሽን የተባለውን የሴቶች የኮምፒውተር ጉባኤ ጀመረች። በ2006 በማሽን ለርኒንግ የሚሠሩ ሴቶች የመጀመሪያ ወርክሾፓቸውን ከዚሁ ጉባኤ ጎን አደረጉ። ቆየት ብለውም ኒፕስ ወደሚባለው ዋናው የዘርፉ ኮንፈረንስ ተጠጉ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ትልቁ ኮንፈረንስ ቦታና መድረክ ይሰጣል፤ ስፖንሰሮች ለአውሮፕላንና ለሆቴል ገንዘብ ያዋጣሉ። ትንሹ ቡድን ደግሞ ትልቁ የማያውቃቸውን ሰዎች ፈልጎ ያመጣል። ሰዎቹ አንድ ቀን እርስ በርሳቸው ይመክራሉ፣ በሚቀጥለው ቀን ዋናው አዳራሽ ይገባሉ። ስትገባ ቢያንስ የምታውቀው ፊት አለ ማለት ነው። ብቻውን ኮንፈረንስ ሄዶ የሻይ እረፍት ላይ ስልኩን ሲነካካ የቆየ ሰው የዚህን ዋጋ ያውቃል።

አሁን ወደ 2016 እንምጣ። ባርሴሎና ላይ በተደረገው ኒፕስ ትምኒት ገብሩ የጥቁር ተሳታፊዎችን ቁጥር ቆጠረች። 8,500 ገደማ ይሆናሉ ብላ ከገመተቻቸው ሰዎች መሃል ያገኘችው ስድስት ነው። ጥቁር ሴት ደግሞ እሷ ብቻ።

ትምኒት ተወልዳ ያደገችው አዲስ አበባ ነው፤ ቤተሰቦቿ ኤርትራውያን ናቸው። የሁለቱ አገሮች ጦርነት ሲነሳ በ15 ዓመቷ ከአገር ወጣች። የአሜሪካ ቪዛ መጀመሪያ ተከልክላ ነበር፤ ለጊዜው አየርላንድ ቆይታ በኋላ ነው አሜሪካ ጥገኝነት ያገኘችው። በር ላይ መቅረት ምን እንደሆነ ከመጽሐፍ አልተማረችውም።

በ2017 ከሌላዋ የአዲስ አበባ ልጅ ከረድኤት አበበ ጋር ብላክ ኢን ኤአይ የተባለውን ቡድን መሠረቱ። ረድኤት ቆይታ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር ሳይንስ ፒኤችዲ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆናለች። የቡድኑ የመጀመሪያ ወርክሾፕ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ፣ ሎንግ ቢች ካሊፎርኒያ፣ ከኒፕስ ጎን ተካሄደ።

«ኮዱ ከሠራ ጻፊው ማንም ቢሆን ምን ቸገረን?» የሚል ይኖራል፤ እኔም አንድ ሰሞን እንደዚያ ነበር የማስበው። በ2018 ትምኒት ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር ያወጣችው ጥናት ለዚህ ቁጥር አለው። የሦስት ድርጅቶችን የፊት መለያ ሶፍትዌር ፈተኑ። ቆዳቸው ነጣ ያለ ወንዶችን ፆታ ሲለይ ስህተቱ ቢበዛ 0.8 በመቶ ነበር። ቆዳቸው ጠቆር ያለ ሴቶች ላይ ግን እስከ 34.7 በመቶ ደረሰ። ሶፍትዌሩ ለሠሪዎቹ «ይሠራል»። የማይሠራለት ሰው ክፍሉ ውስጥ ስላልነበረ ማንም አልጠየቀም።

በዚያው 2018 ግን ወርክሾፕም ገንዘብም እንደማይበቃ ታየ። ኮንፈረንሱ ኒውሪፕስ ብሎ ስሙን ቀይሮ ሞንትሪያል ላይ ሊካሄድ ሲል፣ ወደ ብላክ ኢን ኤአይ ወርክሾፕ የሚሄዱ ብዙ ተመራማሪዎች፣ በተለይ ከአፍሪካ፣ የካናዳ ቪዛ ተከለከሉ። ጥሪ ነበራቸው፤ ኤምባሲው ግን አልተቀበላቸውም። በቀጣዩ ዓመት ቫንኩቨር ላይም ችግሩ ተደገመ።

የአዲስ አበባ ነገር የመጣው እዚህ ላይ ነው። ሰዎቹ ወደ ኮንፈረንሱ መሄድ ካልቻሉ ኮንፈረንሱ ወደ ሰዎቹ ይሂድ ተባለ። በኖቬምበር 2018 የ2020ው አይ.ሲ.ኤል.አር. አዲስ አበባ እንደሚሆን ተሰማ። ኢትዮጵያም በዚያው ወር ለአፍሪካውያን በሙሉ መግቢያ ላይ ቪዛ መስጠት ጀምራ ነበር። ስለዚህ ያመለጠን ነገር ከሰማይ የወረደ ዕድል አልነበረም። አንድ ሰው ቆጥሮ፣ ሌሎች ተሰብስበው፣ ዓመት ሙሉ ጨቅጭቀው ያመጡት ነው።

ኦንላይን የተደረገው ኮንፈረንስ ከ5,600 በላይ ሰው ተሳተፈበት። በአካል አፍሪካ ለመርገጥ ግን እስከ ሜይ 2023 ፈጀበት። ያኔ ደግሞ ከተማዋ ኪጋሊ ነበረች። ፎቶዎቹን ሳይ ቅናት አልያዘኝም ብል ውሸት ነው። ቢሆንም ቡድኖቹ የፈለጉት ሆኗል።

ባለፈው ዓመት እዚሁ አዲስ አበባ አንድ የዲቨሎፐሮች ስብሰባ ላይ ተቀምጬ እኔም ቆጠርኩ። ከአርባ ምናምን ሰው ሴቶቹ አራት። ሰዓቱ ማታ 12 ተኩል ነው የሚጀምረው፤ ሲያልቅ 3 ሰዓት ያልፋል። ከአራቱ ሁለቱ ታክሲ ሳይጠፋ ብለው ከመሃል ወጡ። እኛ አዘጋጆቹ «በራችን ለሁሉም ክፍት ነው» እያልን ስንለጥፍ ነበር። ቪዛ አልጠየቅንም፤ ግን የማታ ታክሲ ጠይቀናል።

ከዚያ አንድ የሴት ተማሪዎች ክበብ ሄደን መቼና የት ቢሆን እንደሚመቻቸው ጠየቅናቸው። ቅዳሜ ጠዋት፣ ግቢያቸው አጠገብ አሉን። እንዳሉት አደረግነው። አሥራ አንድ መጡ። አሥራ አንድ ብዙ አይደለም፤ ግን እስከ መጨረሻው ቆዩ፣ አንዷም በሚቀጥለው ወር ራሷ ልታቀርብ ስሟን አስመዘገበች።