የሁለት ጉብታው ቴስታታ

ስሙኝማ! ዘመኑን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው፤ አገሩም አሜሪካ፣ ፔንሲልቬንያ፣ ካርላይል የምትባል ከተማ ናት። እዚያ የድሮ መኪና ዕቃ ገበያ የቆመ ቀን ሜዳው በሙሉ ብረት ነው። ከዋሽንግተን ዲሲ ሁለት ሰዓት ገደማ ስለሚያስነዳ የእኛን ልጅ እዚያ ብናቆመው አያስገርምም። በሉ አንዱን ለወጋችን እንፍጠር፦ የሲልቨር ስፕሪንግ ልጅ፣ 1972 ካማሮ ያለው፣ ሞተሩ 350 የሚባለው የሼቭሮሌ ቪ8። የውድድር መኪና አላማረውም። መብራት ሲለቅ ከወንበሩ ጋር የሚያጣብቀው፣ ሰኞ ጠዋት ደግሞ ሳያስቸግር ሥራ የሚያደርሰው ሞተር ነው የሚፈልገው። የጎደለው አንድ ጥንድ ቴስታታ፣ ማለትም ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው ብረት፣ ብቻ።

ገና ከመግባቱ ዓይኑ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተተከለ። ሁለት የጊዛ ቴስታታዎች፣ እያንዳንዳቸው 20 ኪሎ ገደማ፤ ጫፋቸው ላይ እንደ ግመል ሻኛ ሁለት ጉብታ አላቸው። ልጁ ምራቁን ዋጠ።

ቢውጥ አይፈረድበትም። ሼቭሮሌ ይህን ትንሽ ቪ8 በ1955 ሲያወጣ ይዘቱ 265 ኪዩቢክ ኢንች፣ ማለትም 4.3 ሊትር ነበር። ኤድ ኮል የሚመራቸው መሐንዲሶች አንዱ ቴስታታ ለቀኝም ለግራም እንዲገጥም አድርገው ሠሩት። በ1962 ሞተሩ 327 ደረሰ፤ ባለ ሁለት ጉብታውም በዚያ ዘመን መጣ። በ1964 የማስገቢያ ቫልቩ ወደ 51 ሚሊ ሜትር ሰፍቶ፣ ኮርቬት ላይ በነዳጅ መርጫ ታግዞ 375 የፈረስ ጉልበት ተባለለት። እዚህ ላይ ጆሮ ስጡኝ፦ ያ ቁጥር የተለካው ሞተሩ ማርሚታም ሌላ ጭነትም ሳይኖርበት፣ መለኪያው ላይ ብቻውን ቆሞ ነው። ዝናው ግን ይህን አይናገርም፤ ዋጋውን ማናር ብቻ ያውቃል።

«ልጄ፣ ይህ ወርቅ ነው» አሉ ሽማግሌው ሻጭ።

«ይሁን አባባ፤ ገልብጬ ልየው?»

«እንደ ልብህ።»

ከብረቱ ጋር አብሮ የፈሰሰው ቁጥር በ461 ያልቃል። የቀኑ ምልክት «ሲ 14 6» ይላል። ሲ ሦስተኛ ወር፣ ማርች ነው፤ ዓመቱ በ6 የሚያልቅ። 1976 እንዳይሆን? አይሆንም፤ ይህ ቴስታታ ያኔ ከፋብሪካ መውጣት አቁሟል። 1966 ነው። ሽማግሌው አልዋሹም።

ቀጥሎ ገለበጠው። የጭስ ማውጫ ቫልቮቹ ከሌሎቹ ይልቅ ወደ ውስጥ ሰምጠዋል። ያኔ ቤንዚኑ ውስጥ እርሳስ ነበር፤ የእርሳሱ ስስ ሽፋን በጋለው ቫልቭና በጊዛው መቀመጫ መካከል ገብቶ ብረት ከብረት እንዳይጣበቅ ይከላከል ነበር። እርሳሱ ሲቀር ቫልቩ በተዘጋ ቁጥር ከመቀመጫው ጥቂት ጥቂት እየቆነጠረ ይወስዳል። ይህን ለማዳን ቶርኖ ቤት ወስዶ መቀመጫውን ማስቆፈርና ጠንካራ ቀለበት ማስገባት ያስፈልጋል፤ ቆፋሪው ትንሽ ካለፈ ደግሞ የውሃውን መተላለፊያ ይበሳዋል።

ልጁ ከቦርሳው ማግኔትና በብልቃጥ የያዘውን የብረት ብናኝ አወጣ። ማግኔቱን በሁለቱ ቫልቮች ግራና ቀኝ አስቀምጦ ብናኙን ነሰነሰና እፍ አለው። ጤነኛ ብረት ላይ ብናኙ ተበትኖ ይሄዳል። ስንጥቅ ካለ ግን ማግኔታዊው ጉልበት እዚያ ስለሚያፈተልክ ብናኙ ስንጥቁ ላይ ይሰለፋል፤ በዓይን የማይታየው ጭረት ፀጉር የመሰለ ጥቁር መስመር ሆኖ ይወጣል። አንደኛው ቴስታታ ንጹሕ ነው። ሁለተኛው ላይ፣ በመካከለኛዎቹ ሁለት የጭስ ማውጫ ቫልቮች አጠገብ፣ መስመሯ ቁጭ አለች።

ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው አዩና ዝም አሉ።

ሌላም ጣጣ ነበረው። እስከ 1968 የወጡት ጫፋቸው ላይ የቡሎን ቀዳዳ የላቸውም፤ የ1972 ካማሮ ዲናሞ ግን የሚታሰረው እዚያው ቴስታታው ጫፍ ላይ ነው። ስንጥቅ ባይኖር እንኳ ዲናሞው ማሰሪያ ባጣ ነበር። የ1966 ኮርቬት ወደ ቀድሞ መልኩ ለሚመልስ ሰው ጉብታው ይገባዋል፤ ለዚህ ልጅ ግን አይገባውም ባይ ነኝ።

ከጎኑ በ882 የሚያልቅ የ1970ዎቹ ቴስታታ ተደርድሯል፤ በርካሽ። የቃጠሎ ክፍሉ 76 ሲሲ ነው፤ 64 ከሆነው ከባለ ሁለት ጉብታው ጋር ሲነጻጸር ኮምፕሬሽኑን በአንድ ያህል ያወርደዋል። በስንጥቅም ስሙ የጠፋ ነው። አለፈው።

ከጠረጴዛው ሥር፣ ዘይት በጠጣ ካርቶን ላይ፣ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ሌላ ጥንድ ነበር። ቁጥሩ በ906 ያልቃል፤ ቮርቴክ የሚባለው፣ ከ1996 ጀምሮ ፒክአፕና ቫን ላይ የተገጠመው። የጭነት መኪና ዕቃ! ግን የቃጠሎ ክፍሉ 64 ሲሲ ነው፣ የአየር መግቢያ መንገዱም ከአብዛኞቹ የጊዛ ዘመዶቹ የተሻለ ይተነፍሳል። ፋብሪካው ፒክአፕ ላይ 255 የፈረስ ጉልበት አስመዝግቦበታል፤ ያውም ሞተሩ ሙሉ ጭነቱን ተሸክሞ። በዚሁ መለኪያ የ1975 ኮርቬት መነሻ ሞተር 165 ነበር።

ልጁ ብናኙን እዚህም ነሰነሰ፤ ቮርቴክም ከጋለ ይሰነጠቃልና። ብናኙ ተበተነ።

«የድሮ ኢንቴክህ አይገጥምለትም» አሉ ሽማግሌው፤ «ያንተው 12 ቡሎን ነው፣ ይህ 8።»

«አውቃለሁ አባባ። ኢንቴኩን እገዛለሁ።»

«ካምሻፍትህስ? ቫልቩን ወደ 12 ሚሊ ሜትር ከፍ ካደረገ የስፕሪንጉ ቆብ ከቫልቭ ጋይዱ ጋር ይጋጫል።»

ልጁ ስልኩን አወጣና የካምሻፍቱን ካርድ ፎቶ ይፈልግ ጀመር። 11.2 ይላል።

«በል እንግዲህ» አሉ ሽማግሌው፣ «አንዱን አንተ ያዝ፣ አንዱን እኔ።»