ከቦንጋ እስከ መርካቶ፦ ሁለት ስፒከር ፍለጋ

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ቦታ ቦታችሁን ያዙና ቡናው እስኪፈላ ስሙኝ። የቦንጋ ዝናብ እንደ ሌላው አገር ክረምት ጠብቆ የሚመጣ አይደለም፤ በበልግም ይዘንባል፣ በክረምትም ይዘንባል፣ ጥቅምት ገባልን ብላችሁ ልብስ ስታሰጡም አንድ ከሰዓት በኋላ ከጫካው በኩል ደመና ይነሳና ቆርቆሮው ሰው ከሰው እስከማያነጋግር ድረስ ይደበደባል። የጫካውን ቡና የሚያበቅለው፣ ኮረሪማውን የሚያወፍረው፣ ንቧ የምትቀስመውን አበባ የሚያፈካው ይኸው ዝናብ ነውና የካፋ ሰው ዝናብን አይረግምም። ዝናብ የማይስማማው ነገር ግን አለ፤ ወረቀት ነው። የማወራችሁም ስለ ወረቀት ነው፣ ብዙ ሰው ብረትና ማግኔት ብቻ ስለሚመስለው የስፒከር ወረቀት።

ቦንጋ ውስጥ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር አሉ፤ ስማቸውን አልጠራም፣ ቢጠራም አይወዱም። ሳሎናቸው ጥግ ላይ በጨርቅ ተሸፍኖ የሚቀመጥ የጊታር አምፕሊፋየር አላቸው፣ ፌንደር ትዊን ሪቨርብ የሚባለው፣ ፊቱ ብርማ፣ ጽሑፉ ሰማያዊ፣ ክብደቱ 30 ኪሎ ገደማ። ፌንደር ፊቱን ከጥቁር ወደ ብርማ የቀየረው በፈረንጆች 1968 ግድም ነውና ዕድሜውን ከዚያ ገምቱት። ከየት መጣ ሲባሉ መምህሩ የሚናገሩት ከሰው የሰሙትን ነው፤ አሜሪካኖች አስመራ ላይ ቃኘው ጣቢያን ይዘው በነበረ ጊዜ አንዱ ወታደር ይዞት መጥቶ፣ በ1969 ዓ.ም ጣቢያው ሲዘጋ ዕቃው ተሽጦ፣ እሱም ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ አዲስ አበባ ወርዶ፣ ከዚያም ጅማ ገብቶ። ያን ጊዜ የካፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ጅማ ነበረችና የኪነት ቡድኑም፣ የሙዚቃ መሣሪያውም እዚያ ነበር። ኪነቱ ሲበተን መምህሩ ገንዘባቸውን አውጥተው ገዙትና በጭነት መኪና ቦንጋ አመጡት።

ዘመኑን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። አዲስ አበባ ላይ ሰዓት እላፊ ታውጆ፣ በሂልተን ዋልያስ ባንድ ሲጫወት የመጣው ሰው መውጣት ስለማይችል እዚያው ሲጨፍር ያነጋ ነበር። አይቤክስ የሚባለው ባንድም ነበር፣ በኋላ ሮሃ የሆነው፣ ጊታሩን ሰላም ስዩም ወልደማርያም የሚጫወትበት። ያን ጊታር በካሴት የሰማ የክፍለ ሀገር ወጣት ሁሉ ክራሩን ሰቅሎ ጊታር ፍለጋ ወጣ፤ የእኛም መምህር ከእነሱ አንዱ ናቸው። ትዝታን በጊታር ሲጫወቱ ክሩን እንደ ክራር ነው የሚመቱት፣ አጭርና ደረቅ አድርገው። ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ ስፒከር ስንመርጥ ይጠቅመናል።

ታዲያ አንድ ነሐሴ፣ ዝናቡ ለቀናት ሳያባራ ቆይቶ፣ መምህሩ ለእህታቸው ልጅ ሠርግ ሊለማመዱ ማሽኑን አበሩት፣ ቫልቮቹ እስኪሞቁ ጠበቁና አንድ ክር መቱ፤ ከድምፁ ጋር ዶሮ በደረቅ እንሰት ቅጠል ላይ ስትጭር የሚሰማው ዓይነት ነገር ወጣ። አጠፉና የጀርባውን ሳንቃ ፈቱ። ውስጡ ባለ 12 ኢንች ሁለት ስፒከሮች አሉ። በሁለት እጃቸው ጣቶች የአንደኛውን ወረቀት ዙሪያውን እኩል ይዘው ቀስ ብለው ገፋ አደረጉት፣ ያለ ድምፅ ሄዶ ተመለሰ፤ ሁለተኛውን ሲገፉት ፈገፈገ። እርጥበቱ ወረቀቱን አሳብጦ አጣሞታል፣ የተጣመመው ወረቀት ደግሞ ከኋላው ያለውን የሽቦ ጥቅል ከማግኔቱ ክፍተት ግድግዳ ጋር አነካክቶታል። ገመዶቹን ፈትተው በቴስተር ሲለኩ ደህናው ስድስት ኦም ከምናምን አነበበ፤ ባለ 8 ኦም ስፒከር በቴስተር ሲለካ ከስሙ ዝቅ ብሎ ነውና የሚያነበው፣ ጤነኛ ነው። የታመመው መርፌውን አንዴ ያነሳዋል፣ አንዴ ይጥለዋል።

የእህታቸው ልጅ፣ ሙሽራው ማለቴ ነው፣ ልቡ ፈጣን ነው። «ጋሼ፣ ምን ያስጨንቅዎታል፣ ጅማ ላይ የመኪና ስፒከር በየሱቁ አለ፣ ማግኔቱም ከዚህ ይበልጣል» አላቸው። መምህሩም ተማሪ ፊት እንደቆሙ ሆነው አስቀመጡትና፣ «የመኪና ስፒከር አብዛኛው 4 ኦም ነው፤ ይህ ማሽን ሁለት ባለ 8 ኦም ጎን ለጎን ገጥሞ 4 ኦም እንዲያይ የተሠራ ነው። ሁለት ባለ 4 ኦም እንደዚሁ ብትገጥምለት 2 ኦም ያያል፣ ከአቅሙ በላይ ይጎተታል፣ የሚቃጠለውም ስፒከሩ ሳይሆን የማውጫው ትራንስፎርመር ነው። እሱን ደግሞ ከጅማም አታገኘውም፣ ከመርካቶም አታገኘውም» አሉት። ባለ ቫልቭ ማሽን ያለ ስፒከር ማብራትም እንዲሁ ትራንስፎርመሩን ይገድላል፤ ስለዚህ ገመዶቹን እንደፈቱ የመብራት መሰኪያውን በጨርቅ ጠቅልለው በፕላስተር አሰሩት፣ ልጅ እንዳይሰካው።

ከዚያም የታመመውን ስፒከር ነቀሉ፣ ደህናውንም ነቀሉ፣ ሁለቱንም በአሮጌ ጋቢ ጠቀለሉና ገና ሳይነጋ አውቶቡስ ተሳፈሩ። መንገዱን የሄዳችሁበት ታውቁታላችሁ፤ ከቦንጋ በጊምቦ በኩል ጫካ ለጫካ ትወርዱና ጎጀብ ወንዝ ላይ ስትደርሱ ጉሙ ይቀራል፣ ቆላው ይቀበላችኋል፣ ሹራብ ትወልቃለች፤ ድልድዩን ተሻግራችሁ ደግሞ በሸቤ አድርጋችሁ ወደ ጅማ ትወጣላችሁ። ከጅማ ወዲያ ደግሞ ሌላ ቁልቁለት፣ ግቤ፣ ሌላ ዳገት፣ ወልቂጤ፣ ከዚያ አዲስ አበባ፤ በጠቅላላው 460 ኪሎ ሜትር ገደማ። መምህሩ ጥቅሉን ከላይ ጣራ ላይ አላስጫኑም፣ ከእግራቸው ሥርም አላደረጉም፣ ጭናቸው ላይ ይዘውት ሄዱ። አጠገባቸው የተቀመጡ እናት ሕፃን የያዙ መስሏቸው ቀስ ብለው ቦታ ሰፋ አደረጉላቸው፣ መምህሩም ማስረዳቱ ሰለቻቸውና አመስግነው ዝም አሉ።

መርካቶ ደግሞ መርካቶ ነው። ከአንዱ ወደ አንዱ ሲጠቁሟቸው ውለው፣ በመጨረሻ ፎቅ ሥር ካለች ጠባብ ክፍል የተቀመጠ፣ ዕድሜው ገፋ ያለ ባለሙያ ዘንድ ደረሱ። አንድ ጠርሙስ የቦንጋ ማር አስቀደሙለት፤ እሱም ማሩን ወደ ብርሃን አንስቶ አየና ፈገግ ብሎ ጥቅሉን ፈታ። ወረቀቱን ዳሰሰ፣ የሽቦውን ጥቅል አየ፣ «ጋሼ፣ ይሄን ሽቦውን ጠምጥሜ፣ ወረቀቱን ቀይሬ ላነሳው እችላለሁ። ግን የማገኘው ወረቀት የትልቅ የአዳራሽ ስፒከር ወረቀት ነው፣ ወፍራም ነው። ድምፅ ይወጣዋል፤ የጊታር ድምፅ ግን አይሆንም» አላቸው። እኔ በበኩሌ የአገራችን ሠሪ በእጁ የማያስነሳው ሙት ዕቃ የለም ብዬ የማምን ሰው ነኝ፣ ቢሆንም ሥራውን የሚያውቅ ሰው እምቢ ሲል የሚሰማ ጆሮም ያስፈልጋል። የጊታር ስፒከር ወረቀት ቀጭን የሚደረገው ሆን ተብሎ ነው፤ ጊታሩን ሲመቱት ወረቀቱ ራሱ በትንሹ እየታጠፈ የራሱን ቅመም ይጨምርበታል፣ ከ5,000 ኸርዝ በላይ ያለውን ቀጭን ድምፅ ደግሞ እየቆረጠ ይጥለዋል። የአዳራሽ ስፒከር እንዲህ ቢያደርግ ጉድለት ይባልበታል፣ ጊታር ግን የሚኖረው በዚያ ጉድለት ነው።

መምህሩም ጠየቁት፣ «አልኒኮ የሚሉት ማግኔት ያለው ይሻላል ይላሉ፣ እውነት ነው?» ባለሙያውም ሳቀና ጀበና አስመጣ፣ ቡናውም እየተቀዳ ነገሩን ከሩቅ ጀመረው። አልኒኮ ከአሉሚኒየም፣ ከኒኬልና ከኮባልት ይቀልጣል፤ ኮባልቱ ደግሞ በብዛት ይወጣ የነበረው ከዚሁ ከአህጉራችን፣ ያኔ ዛየር ይባል ከነበረው አገር፣ ከሻባ ነው። በ1970 ዓ.ም ኮልዌዚ ላይ ጦርነት ተነሳ፣ ማዕድኑ ተቋረጠ፣ የኮባልት ዋጋ ሰማይ ወጣ፤ ያን ጊዜ አልኒኮን እስከዚያ ድረስ ይዘው የቆዩ ብዙ ስፒከር ሠሪዎች ወደ ሴራሚክ ማግኔት ዞሩ። ሴራሚኩ ቀድሞም ነበር፣ ርካሽም ነው፣ መጥፎም አይደለም። «ዛሬ አልኒኮ ውድ የሆነው ጥሩ ስለሆነ ብቻ አይደለም ጋሼ፣ ኮባልት ስላለበት ነው» አላቸው። መምህሩ እንዲህ ያለ ነገር ሲሰሙ ይወዳሉ፤ ጂኦግራፊ ነበር የሚያስተምሩት።

ከዚያ ወደ ምርጫው ገቡ፣ ጊዜም ወሰዱበት። ገንዘባቸው የሚችለው ምንድነው፣ ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ በሻንጣው ሊይዘው የሚችለውስ? እንግሊዞቹ የሚሠሩት ሴለስቲየን ግሪንባክ ስሙ የገነነ ነው፣ ግን አንዱ የሚችለው 25 ዋት ነው፤ ሁለቱ ተደምረው 50፣ ማሽኑ ግን 85 ዋት ይተፋል፣ አንድ ሠርግ ላይ ተቃጥለው ይቀራሉ። እሱ ወደቀ። ጄቢኤል ዲ 120 ኤፍ በድሮው ትዊን ውስጥ ተጨማሪ ተከፍሎበት የሚገባ ነበር፣ ጠንካራ ነው፣ ግን ከባድ ነው፣ ውድ ነው፣ ድምፁም ጆሮ ይወጋል። በዚህ ላይ አንድ ነገር ባለሙያው አስረዳቸው፤ ስፒከሮች አንድ ዋት ተሰጥቷቸው በአንድ ሜትር ርቀት ሲለኩ አንዱ 97 ዴሲቤል፣ ሌላው 100 ዴሲቤል ሊያወጣ ይችላል፤ ልዩነቱ ሦስት ብቻ ይመስላል፣ ግን ያች ሦስት ማለት የማሽኑን ዋት በእጥፍ እንደ መጨመር ነው። ሻጮች ሁሉ ከፍተኛውን ያወድሳሉ። መምህሩ ግን የሚጫወቱት ቦንጋ ሳሎን ውስጥ፣ በዛ ቢባል ድንኳን ውስጥ ነው፤ ትዊኑ እንደሆነ ከሦስት በላይ ከፍተውት አያውቁም። «እንግዲያስ ዝቅ ያለውን እንውሰድ» አሉ። ይህን ውሳኔ እኔ እስከ ዛሬ አደንቀዋለሁ።

በመጨረሻ የመረጡት ጄንሰን ሲ 12 ኤን የሚባለውን ነው፣ የድሮው ዓይነት በጣሊያን እንደገና የሚሠራውን፣ ሴራሚክ፣ 8 ኦም፣ 50 ዋት። ሁለቱ ሲደመሩ 100 ዋት ይችላሉ፣ ማሽኑን ይሸከማሉ፣ ወረቀታቸው ቀጭን ነው፣ ሲመቱም ቶሎ ተነስተው ቶሎ ዝም ይላሉ። ያዙልኝ ያልኳችሁ ይህን ነው፤ ትዝታን እንደ ክራር ለሚመታ እጅ ወፍራምና የሚያላዝን ስፒከር አይሆንም፣ ምቱን ሳይውጥ መልሶ የሚሰጥ ነው የሚፈለገው። «ደህናውን ትቼ አንዱን ብቻ ብቀይርስ?» ብለው ነበር ገንዘቡን አስበው፤ ባለሙያው ግን አሮጌና አዲስ በአንድ ሳጥን ሲገቡ የሚጮኸው ሌላውን ይሸፍነዋል፣ ግማሽ ስፒከር ይዘው ነው የሚኖሩት አላቸው።

ከዋሽንግተን የሚመጣ የዘመድ ልጅ ሁለቱን በልብሱ መሀል ሸጉጦ አመጣላቸው። ሠርጉ ግን አልጠበቀም፤ በኪራይ ኪቦርድ አለፈ። መምህሩም ቦንጋ ላይ ሳይጣደፉ ገጠሙ። ከመግጠማቸው በፊት ተራ የድንጋይ ባትሪ በየተራ አስነኳቸው፤ አዎንታዊው ጫፍ ሲነካ ሁለቱም ወረቀቶች ወደፊት ከዘለሉ አንድ ላይ ይተነፍሳሉ፣ አንዱ ወደፊት ሌላው ወደኋላ ከሄደ ግን ወፍራሙ ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ሁለቱም ወደፊት ዘለሉ። ማሽኑንም እንደ ወትሮው ከ220 ወደ 110 በሚያወርደው ትራንስፎርመር በኩል ሰኩትና አበሩት። ድምፁ ንጹሕ ነው፣ ግን ጠንካራ፣ ቆርቆሮ ቆርቆሮ የሚል። የእህታቸው ልጅ ፊቱ ተለወጠ። እሳቸው አልተለወጡም፤ አዲስ ወረቀት ዳሩ ገና አልለሰለሰም፣ ይለማመዳል አሉና በየማታው ከእራት በፊት ድምፁን ዝቅ አድርገው ይጫወቱበት ጀመር፣ መስቀል አልፎ ጥቅምት እስኪገባ ድረስ።

የቀረውን ደህና አሮጌ ስፒከርስ? የሠፈር አናጢ በዋንዛ እንጨት አንድ ሳጥን ሠራለት፣ ለእህታቸው ልጅ ሊሰጡት። አናጢው ሥራውን አሳምሮ ጀርባውንም በሳንቃ ሊዘጋው ሲል መምህሩ ደርሰው ያዙት፤ «ተው ልጄ፣ ክፍት ይሁን፤ በዚህ አገር የሚዘጋ ሁሉ ይሻግታል፣ ድምፁም ከኋላ ግድግዳውን መትቶ ሲመለስ ነው የሚያምረው። ወንፊት ሽቦ ብቻ ምታበት፣ አይጥ እንዳይገባ» አሉት።