የኔጋቲቭ ስፋትና የታሪክ ምስክርነት



እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 24 ቀን 1968 አፖሎ 8 ጨረቃን በመዞር ላይ ሳለች፣ ጠፈርተኛው ቢል አንደርስ ምድር ከጨረቃ አድማስ በላይ ብቅ ስትል ተመልክቶ በስዊድን ሠራሹ ሃሰልብላድ ካሜራ ፎቶግራፍ አነሣት። ስለ ምስሉ ውበት ብዙ ተብሏል። የዛሬው ጥያቄዬ ግን ሌላ ነው፤ ክብደት በግራም በሚቆጠርበት ጉዞ ትልቁ ካሜራ ለምን ተመረጠ?

መልሱ ከፊልም ታሪክ ይጀምራል። ኮዳክ 120 ቁጥር የተባለውን ጥቅል ፊልም እ.ኤ.አ. በ1901 አወጣ፤ ወርዱ 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1925 ላይካ ለገበያ ሲቀርብ ግን ለሲኒማ የተሠራው ባለ 35 ሚሊ ሜትር ፊልም የፎቶግራፍ አንሺው ወዳጅ ሆነ። ካሜራው ቀለለ፤ ኔጋቲቩም አነሰ።

ልዩነቱን በቁጥር እንየው። የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ምስል 24 በ36፣ ማለትም 864 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው። መካከለኛ ቅርጸት የምንለው ባለ አራት ማዕዘኑ ምስል ደግሞ 56 በ56፣ ማለትም 3136 ካሬ ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ከሦስት ዕጥፍ ተኩል በላይ መሆኑ ነው። ጎኑ 40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ካሬ ፎቶግራፍ ለማተም ትልቁን ኔጋቲቭ 7 ጊዜ ያህል ማጉላት ይበቃል፤ ትንሹ ግን 17 ጊዜ ገደማ መጉላት አለበት። የፊልሙ ዓይነት አንድ ከሆነ የብር ቅንጣቶቹ በሁለቱም ላይ እኩል ናቸውና፣ አብዝቶ የጎላው ምስል ቅንጣቱን ያጋልጣል፤ የሌንሱንም እንከን አብሮ ያጎላል። በሰፊው ላይ ግን እያንዳንዱ ዝርዝር በብዙ ቅንጣቶች ስለሚሣል ከብርሃን ወደ ጥላ የሚደረገው ሽግግር ልስልስ ይሆናል።

ዋጋው ቀላል አይደለም። ካሜራው ይከብዳል፤ አንድ ጥቅል 120 ፊልም በዚህ መጠን የሚሰጠው 12 ምስል ብቻ ነው። ለጠፈር ጉዞ ባለ 70 ሚሊ ሜትር ረጅም ፊልም የተዘጋጀውም ስፋቱን ሳያጡ ብዛትን ለማግኘት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 የአፖሎ 11 ጠፈርተኞች ጨረቃ ላይ የተጠቀሙበትን ሃሰልብላድ እዚያው ትተው የፊልም መያዣውን ይዘው ተመለሱ። ዕቃው ሊተካ ይችላል፤ ኔጋቲቩ ግን ምትክ የለውም።

ለእኛ ለታሪክ ተማሪዎች ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ፎቶግራፍ አንሺ ሙሽሮቹን ሲያይ፣ ሰፊው ኔጋቲቭ ከኋላቸው ያለውን የሱቅ ጽሑፍ፣ የአዛውንቱን ኩታ ጥለት፣ የበሩን መቀርቀሪያ ጭምር ይመዘግባል። የእኛ ጥያቄ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ሲመጣ መልሱን የምናገኘው አንሺው ልብ ካላለው ዳርቻ ሊሆን ይችላል። በትንሽ ወረቀት ላይ የታተመው ቅጂ ያንን ሁሉ አይሸከምም።

ስለዚህ ከቤተሰብ ሣጥን ወይም ከአሮጌ ፎቶ ቤት ምስል ስትሰበስቡ፣ የታተመውን ገልብጣችሁ ከመሄዳችሁ በፊት «ኔጋቲቩስ የት አለ?» ብላችሁ ጠይቁ።