ከመቅደላ እስከ ኡራኤል፦ የሐኪምና የጠመንጃ ታሪክ

ኡራኤል አካባቢ ለሚኖር ሰው የጠመንጃ ታሪክ ሩቅ አይደለም። ከቤተ ክርስቲያኑ ወደ መስቀል አደባባይ ሲወርድ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየምን ያገኛል። በካዛንቺስ በኩል ወደ ላይ ሲወጣ ከምኒልክ ግቢ አጥር ይደርሳል፤ የአድዋ ዘመቻ የታወጀበት፣ በኋላም ብዙ ሹም ሽርና ብዙ ተኩስ ያለፈበት ግቢ ነው። እዚያው ቂርቆስ ውስጥ ደግሞ ዘውዲቱ ሆስፒታል አለ። በየወሩ በ22 ለቅዱስ ዑራኤል ክብር የሚሰበሰበው ምእመን ከእነዚህ ሦስት ቦታዎች ብዙም አይርቅም።

በዚህ ሰፈርም ሆነ በሌላው የአገሪቱ ክፍል በጥይት የቆሰለን ሰው የሚያክም ሐኪም ማየት አዲስ ነገር አይደለም። ተኩሱ ከመምጣቱ በፊት ታካሚውን ቁጭ አድርጎ ስለ መሣሪያው የሚያነጋግር ሐኪም ግን ብርቅ ነው። ይህ የሆነበትን ምክንያት ለመረዳት የኢትዮጵያ ዘመናዊ ሕክምና የተወለደበትን ሁኔታ መመልከት ያስፈልጋል።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. እንግሊዞች መቅደላን ሰብረው ሲገቡ አፄ ቴዎድሮስ በሽጉጥ ራሳቸውን ገደሉ። ሽጉጡ ከንግሥት ቪክቶሪያ የተላከላቸው ስጦታ ነበር። በዚያው ተራራ ላይ ከወላጆቹ የተለየ አንድ ሕፃን ተገኘ፤ ስሙ ወርቅነህ እሸቴ ይባላል። የእንግሊዝ መኮንን ወደ ሕንድ ወሰደው፤ አሳዳጊው ሲሞት ማርቲን የተባለ ሌላ መኮንን ተቀበለው። ቻርልስ ማርቲን ተብሎ አደገ፣ በላሆር ሕክምና ተማረ፣ እ.ኤ.አ. በ1882 ተመረቀ። በዘመናዊ ትምህርት ሐኪም የሆነው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እንግዲህ ከጦርነት ፍርስራሽ የተነሣ ልጅ ነው።

ወርቅነህ ወደ አገሩ ሳይመለስ ሐኪም ሆኖ በበርማ ሲያገለግል፣ አገር ቤት ቁስለኛውን የሚያክመው ወጌሻ ነበር። ወጌሻ የተሰበረ አጥንት በሸምበቆና በእንጨት ያስራል፣ ቁስል በቅቤ ያሻል፣ ደም በግለት ያቆማል። ስለ አጥንት የነበረው እውቀት በብዙ ትውልድ የተፈተነ ነው። ከሩቅ የሚመጣ ፈጣን ጥይት ግን አጥንቱን ያደቅቀዋል፤ የልብስ ቁራጭና አፈርም ይዞ ሥጋ ውስጥ ይገባል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን በእንዲህ ዓይነት ጥይት ቆሰሉ። ድሉን ይዘው ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ሕክምናው ከጦር መሣሪያው ብዙ ርቆ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር።

ይህን ክፍተት ለመሙላት የመጡት ሩሲያውያን ናቸው። በጄኔራል ሽቬዶቭ የተመራው የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን በ1888 ዓ.ም. ክረምት አዲስ አበባ ደርሶ የአድዋን ቁስለኞች ማከም ጀመረ። ከእነርሱ በኋላ የሩሲያ ሐኪሞች ሥራ በከተማዋ ለዓመታት ቀጠለ፤ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታልም በዚያው ሥፍራ ተቋቋመ። ሐኪም ወርቅነህም የአድዋን ወሬ ሰምተው ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ዘመዶቻቸውም አወቋቸው። የአዲስ አበባ የመጀመሪያው ዘመናዊ የሕክምና ሥራ በጥይት ቁስል ላይ ተመሠረተ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አርባ ዓመት ሳይሞላ ሁለተኛው ፈተና መጣ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ የጣሊያን ወረራ ሊጀመር ሦስት ወር ያህል ብቻ ቀርቶት ነበር። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች በመልካ ዲዳ የስዊድን ቀይ መስቀልን የመስክ ሆስፒታል ደበደቡ። በዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1935 የተመረቀው ዶክተር መላኩ በያን ወደ ኦጋዴን ግንባር ዘመተ። የብሪታንያ አምቡላንስ አገልግሎትን ይመራ የነበረው ዶክተር ጆን ሜሊ ደግሞ የሞተው በአዲስ አበባ ውስጥ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን ከአዲስ አበባ ከወጡ በኋላ ዘረፋና ተኩስ ነገሠ። በማግስቱ ሜሊ ከመንገድ ላይ ቁስለኛ ሲያነሣ በጥይት ተመታ፤ የጣሊያን ጦር ሚያዝያ 27 ቀን ሲገባ እርሱም ሕይወቱ አለፈ። የገደለው ጥይት ከጠላት ጦር የተተኮሰ አልነበረም። የተኮሰው መሣሪያ የያዘ፣ የሰከረ የከተማ ሰው ነበር።

ካዛንቺስ የዚያ ወረራ ልጅ ነው። ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ የሠራቸው ቤቶች ለሰፈሩ ስሙን ትተውለታል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ በተፈጸመው ጭፍጨፋ አባታቸውን ካጡት ሕፃናት አንዱ አሥራት ወልደየስ ነበሩ። ከነፃነት በኋላ በኤድንብራ ሕክምና ተምረው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1964 የተከፈተውን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ ካቋቋሙት አንዱ ናቸው፤ በዲንነትም መርተውታል። ከእርሳቸውና ከባልደረቦቻቸው ሥር ያለፉ ተማሪዎች ናቸው ከዚያ በኋላ የመጡትን ጦርነቶች ቁስለኞች ያከሙት።

እነዚህ ተማሪዎች ስለ ጥይት ምን ተማሩ? ትምህርቱ ጥልቅ ነበር። የመግቢያው ቀዳዳ ጠባብ ሆኖ ውስጡ ሰፊ ሊሆን እንደሚችል፣ የሞተውን ሥጋ ቆርጦ ማውጣት እንደሚገባ፣ የቆሸሸ ቁስል ወዲያው እንደማይሰፋ፣ ተከፍቶ ከቆየ በኋላ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ንጹሕ መሆኑ ታይቶ እንደሚዘጋ ተማሩ። ጥይቱ ሁልጊዜ መውጣት እንደሌለበትም አወቁ። ቤተሰብ «ጥይቱ ሳይወጣ እንዴት ይድናል?» ብሎ ሲጨነቅ፣ እርሳሱን ፍለጋ ጤነኛ ሥጋ መቅደድ የበለጠ ሊጎዳ እንደሚችል በትዕግሥት ማስረዳት የሐኪሙ ሥራ ሆነ። በቅርቡም ዘርፉ አድጓል፤ የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊቲ ሥልጠና እ.ኤ.አ. በ2010 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተጀመረ፣ በቅዱስ ጳውሎስ ሥር ያለው አቤት ሆስፒታልም ለቃጠሎ፣ ለድንገተኛና ለአደጋ ሕክምና ተከፈተ።

ትምህርቱ በሙሉ የሚጀምረው ግን ከተኩሱ በኋላ ነው።

ለዚህ ሐኪሞችን መውቀስ አይገባም። መሣሪያው ብዙ ጊዜ የመንግሥት ነበር፤ የሚተኮሰውም በትእዛዝ ነበር። በቀይ ሽብር ዘመን ልጆቻቸው የተገደሉባቸው ወላጆች አስከሬን ለመውሰድ የጥይቱን ዋጋ ክፈሉ እንደተባሉ ይናገራሉ። እንዲህ ባለ ዘመን ሐኪም ታካሚውን «ቤትህ መሣሪያ አለ?» ቢለው ጥያቄው የካድሬ ጥያቄ ይመስላል፤ መልሱም ነፍስ ሊያስከፍል ይችላል። ያ ፍርሃት ዛሬም ከብዙ ቤት አልወጣም። በገጠር ደግሞ ጠመንጃ የአባት ውርስ፣ የክብርና የንብረት ጠባቂ ነው። እንግዳ ሰው ሊጠይቀው የሚደፍረው ነገር አይደለም።

ከዚህ በፊት ግን ሕክምናው አንድ ከባድ ነውር ሰብሯል። እ.ኤ.አ. በ1986 የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን በኢትዮጵያ ሲታወቁ ስለ ግብረ ሥጋ ግንኙነት በግልጽ መጠየቅ ለሐኪምም ለታካሚም የሚያሳፍር ነበር። ከዓመታት በኋላ ምክርና ምርመራ የጤና ባለሙያው የዕለት ሥራ ሆነ። የፀረ ኤችአይቪ ሕክምናን ቀደም ብለው ከጀመሩት ሆስፒታሎች አንዱ ዘውዲቱ ነው። ባለሙያዎቹ የተማሩት መድኃኒቱን ብቻ አይደለም፤ በር ዘግቶ ማነጋገርን፣ ምሥጢር መጠበቅን፣ ሳይፈርዱ መጠየቅን፣ ታካሚው ራሱ መፍትሔ እንዲመርጥ መተውን ተምረዋል። ቀደም ብሎም ጎንደር መንገዱን አሳይታለች። እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ፣ ደምቢያን የወባ ወረርሽኝ ካጠቃ በኋላ፣ ሰው ሳይታመም በየቤቱ ሄደው የሚያስተምሩ የጤና መኮንኖችና ነርሶችን አሠልጥኗል።

ሐኪም ስለ መሣሪያ ይጠይቅ ወይስ አይጠይቅ የሚለው ክርክር በአሜሪካ በፍርድ ቤት ጭምር አልፏል። የፍሎሪዳ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2011 ሐኪሞች ታካሚን ስለ መሣሪያ እንዳይጠይቁ የሚገድብ ሕግ አወጣ፤ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 የሕጉን ዋና ክፍል ሻረው። በኅዳር 2018 እ.ኤ.አ. የጠመንጃ ባለቤቶች ማኅበር ሐኪሞችን በማያገባችሁ አትግቡ ሲል፣ በየድንገተኛ ክፍሉ የሚሠሩ ሐኪሞች በደም የተነከረ የሥራ ልብሳቸውን ፎቶ እያሳዩ መለሱ። ከመልሱ መሪዎች አንዱ የጆንስ ሆፕኪንስ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ጆሴፍ ሳክራን ናቸው፤ በ17 ዓመታቸው ጉሮሯቸውን በጥይት ተመትተው የተረፉ ሰው ናቸው። ከዚያ ወዲህ በርካታ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ተማሪው በተግባር ልምምድ ይህን ጥያቄ እንዲጠይቅ ማሠልጠን ጀምረዋል።

በኢትዮጵያ ጉዳዩ ከዚያ ያላነሰ አጣዳፊ ነው። በትግራይ የተጀመረው ጦርነት ለሁለት ዓመት ዘለቀ፤ በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ጀምሮ ግጭት አለ። ከሁለቱም በኋላ መሣሪያው በየቤቱ ይቀራል። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ፈቃድና ምዝገባን ይደነግጋል። አዋጁ ግን ሌሊት ያለ እንቅልፍ የሚያድረውን የቀድሞ ወታደር፣ በአልጋ ሥር የተቀመጠ ጠመንጃ የሚያገኘውን ሕፃን፣ በሰርግና በለቅሶ ወደ ሰማይ ተተኩሶ መልሶ የሚወርደውን ጥይት አያይም። እነዚህን የሚያያቸው ጤና ጣቢያው ነው።

ተማሪው አሁንም ታካሚውን ስለ ሲጋራ፣ ስለ መጠጥ፣ ስለ ጫት ይጠይቃል። ከእነዚህ ጎን አንድ ጥያቄ ይጨመር። ልጃቸው ከሞተባቸው ወዲህ ምግብ የተዉ፣ መኖር ሰለቸኝ የሚሉ አዛውንት ለምርመራ መጡ እንበል። ሐኪሙ በሩን ዘግቶ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። «አባባ፣ ይህን የምጠይቀው ለጤናዎ ነው፤ ከዚህ ክፍል አይወጣም። ቤት ውስጥ መሣሪያ አለ? የት ይቀመጣል? ጥይቱስ አብሮት ነው ወይስ ለብቻው?» አለ ካሉ ለመንጠቅ አይቸኩልም። «ይህ ጊዜ እስኪያልፍ መሣሪያው ወንድምዎ ዘንድ ቢቆይ፣ ጥይቱ የተቆለፈበትን ቁልፍ ደግሞ ባለቤትዎ ቢይዙት ምን ይመስልዎታል?» ይላል። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ብዙ ጊዜ በሰዓታት ወይም በደቂቃዎች ውስጥ የሚበረታ ነው፤ በዚያ ሰዓት መሣሪያው ከእጅ መራቁ ነፍስ ያተርፋል።

ይህን ንግግር ለመማር ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ጓደኛ ታካሚ ሆኖ ይለማመዱበታል፤ መምህሩ ያዳምጣል፣ ጥያቄው እንደ ፖሊስ ምርመራ ሲሆን ያርማል። ሽማግሌና የነፍስ አባት የተጣላን ሰው መሣሪያህን ለጊዜው አስቀምጥ ብለው ሲለምኑ የኖሩባት አገር ስለሆነች ተማሪው ቋንቋውን ከቤቱ ይዞት ይመጣል። የሚቀረው የሕክምና ትምህርት ቤቶች ጥያቄውን በታካሚ ታሪክ መውሰጃ ቅጽ ላይ እንዲያሰፍሩትና በፈተናም እንዲጠይቁት ነው።